ድፍርስ ውሃ ውስጥ በአክሽን ካሜራ መቅረጽ፦ ለጅማና ለአካባቢዋ

በአክሽን ካሜራ፣ ማለትም ውሃ በማያስገባ ሳጥን (ኬዝ) ተከቶ በሚነከር ትንሽ ካሜራ፣ ውሃ ውስጥ ስለ መቅረጽ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለባሕር የታሰበ ነው። ጅማ ዙሪያ ያለው ወንዝና ግድብ ግን ጭቃ የሚሸከም ውሃ ነው፤ እጃችሁን ስትዘረጉ ጣቶቻችሁ የማይታዩበት ቀን ብዙ ነው። እዚህ ምስሉን የሚወስነው የካሜራው ዋጋ ሳይሆን በሌንሱና በሚቀረጸው ነገር መሐል ያለው የውሃ ብዛት ነው። ከታች ያለው ሁሉ ያንን ርቀት ለማሳጠር የሚደረግ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ለኩ። ነጭ የቆርቆሮ ሳህን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በተቋጠረ ሲባጎ እሰሩ፣ ከሥሩ ድንጋይ አንጠልጥሉና ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ልቀቁት። ሳህኑ ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት የዕለቱ መለኪያችሁ ነው። የሚቀረጸው ነገር ከዚያ ጥልቀት ሲሶ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቢሆን መልኩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሳህኑ 90 ላይ ከጠፋ ዓሣው ከሌንሱ 30 ሴንቲ ሜትር ግድም መቅረብ አለበት ማለት ነው። 50 ሳይደርስ ከጠፋ ግን ያን ቀን ካሜራውን አትንከሩት፤ ቡናማ መጋረጃ ብቻ ነው የምትቀርጹት።

ወቅቱን በተመለከተ ክረምቱን ሙሉ ተስፋ አታድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ዝናቡ ቆሟል ብሎ ወንዝ ይወርዳል፤ ያ ጊዜ ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች የሚሠሩበት ነው። ከማጠቢያው የሚወጣው ፍሳሽ የቡናውን ገለፈትና አተላ ይዞ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ሲበሰብስም ኦክስጅኑን ስለሚጨርሰው ዓሣው ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ከማጠቢያ ጣቢያ በላይ ያለውን የወንዝ ክፍል ምረጡ፣ ወይም ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ጠብቁ። በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የዳሩን ደለል ያናውጠዋል፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ይሻላል።

አሁን ወደ ሌንሱ። የአክሽን ካሜራ ሌንስ ትኩረቱ የተቆለፈ ነው፤ አየር ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጎ ያያል። ውሃ ውስጥ ግን ብርሃን በጠፍጣፋው መስታወት ሲያልፍ ስለሚሰበር፣ ነገሩ ካለበት ርቀት ሦስት አራተኛው ላይ ያለ ይመስላል። 30 ላይ የቆመው ዓሣ ለካሜራው 22 ላይ ነው፤ ይደበዝዛል። ጥራቱ የሚጀምረው 40 አካባቢ ነው። ጭቃው ቅረብ ይላል፣ ሌንሱ ራቅ ይላል፤ ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሽቶ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ገበያ ውስጥ አለ፦ ባለ ሲደመር 3 የንባብ መነጽር። አንዱን መስታወት አውጡና ዳሩን በሸካራ ወረቀት ሞርዳችሁ፣ ክፍተቱ ከፈቀደ፣ በኬዙ መስኮትና በካሜራው ሌንስ መሐል አስገቡት። ያን ጊዜ ጥራቱ ውሃ ውስጥ ከ20 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለእኛ ውሃ የሚፈለገው ልክ ይህ ነው። ከኬዙ ውጭ አትለጥፉት። ውሃ የነካው መነጽር ጉልበቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ቀይ ማጣሪያ አትግዙ። ባሕር ውስጥ ቶሎ የሚጠፋው ቀይ ብርሃን ስለሆነ እዚያ ይጠቅማል። ቅጠል የበሰበሰበትና ጭቃ ያለበት ውሃ ግን በቅድሚያ የሚውጠው ሰማያዊውን ነው፤ ቀዩ ይተርፋል። ማጣሪያው ያለውን ጥቂት ብርሃን ቀንሶ ምስሉን ይበልጥ ጡብ ያስመስለዋል። መብራትም ከሌንሱ አጠገብ ከሆነ ጉዳት ነው፤ እያንዳንዱን የደለል ቅንጣት አብርቶ እንደ በረዶ ያዘንበዋል። የግድ ካስፈለገ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን አርቁት፣ በ45 ዲግሪም አዙሩት። ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ግን ፀሐይን ከካሜራው ጀርባ ማድረግ ከማንኛውም መብራት ይበልጣል።

ካሜራውን በእጃችሁ ይዛችሁ አትግቡ። ቀርፋፋና ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ቢልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል፤ ትሉ በቆዳ በኩል ይገባል። የጅማው ቦዬ ረግረግ ደግሞ ጉማሬ ስላለበት ዳሩ ላይ መቀመጥም አይመከርም። ለግድቡ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቁ፤ ጉማሬው የት እንደሚውል ያውቃሉ። ሦስት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ቁረጡና ካሜራውን ከጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ሌንሱ ጭቃውን እንዳይነካ። ጫፉ ላይ ድንጋይ፣ ካሜራው ላይ በሲባጎ ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፤ ማሰሪያው ቢፈታ ካሜራው የት እንዳለ ሃይላንዱ ያሳያችኋል። ቀርከሃውን ዳሩ ላይ ተክላችሁ ራቁ። የተነሣው ጭቃ እስኪረጋና ዓሣው እስኪመለስ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ዳቦ በቀጭን ጨርቅ ቋጥራችሁ ከሌንሱ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታንጠለጥሉ ቆሮሶ ይመጣል። ፍርፋሪ መበተን ግን ውሃውን ያደፈርሳል።

አስተካከሉ ቀላል ነው፦ 1080፣ በሴኮንድ 60 ምስል፣ ሰፊ እይታ። ነጭ ሚዛኑን (ዋይት ባላንስ) 5500 ላይ ቆልፉት፤ ራሱ እንዲመርጥ ከተውችሁት ቅጠል ባለፈ ቁጥር ቀለሙ ይዋልላል። አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) ከ400 አይለፍ። ሻርፕነስ (የጠርዝ ማሳያው) ዝቅተኛው ላይ ይሁን፣ አለዚያ ደለሉን ነው የሚስለው። ስታቢላይዜሽኑን (የመንቀጥቀጥ ማረጋጊያውን) አጥፉት፤ በቆመ እንጨት ላይ ሥራው የምስሉን ዳር መቁረጥ ብቻ ነው። በሴኮንድ 60 ሜጋቢት የሚቀረጽ አንድ ሰዓት 27 ጊጋባይት ስለሚይዝ 64 ጊጋ ካርድ ይበቃል።

ስልክ ላይ እያያችሁ መቅረጽ ከፈለጋችሁ፣ ዋይፋይ ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ አይሄድም። ቀጭን ኮአክሲያል ገመድ (እንደ ዲሽ ገመድ መሐሉ ሽቦ፣ ዙሪያው የሽቦ መረብ ያለው) ሁለቱን ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር መረቡ እስኪወገድ ላጡት፤ አንዱን ጫፍ ከኬዙ ጎን በፕላስተር ለጥፉ፣ ሌላውን ከውሃው በላይ ስልኩ አጠገብ አድርጉት። ወደ ውሃው የሚገባውን የተላጠ ጫፍ በሲሊኮን ሸፍኑ።

ኬዙ ውሃ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፀጉር ወይም በአሸዋ ቅንጣት ምክንያት ነው። ኦሪንጉን (የኬዙን አፍ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) በጣት ዳብሱት፣ በጥፍር አታውጡት፣ እህል በሚያህል ሲሊኮን ግሪስ አሹት። ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት ካሜራውን አውጥታችሁ ሶፍትና ድንጋይ ብቻ ኬዙ ውስጥ ዝጉና ግማሽ ሰዓት በርሜል ውስጥ አስጥሙት። ሶፍቱ ከረጠበ ምክንያቱን ፈልጉ። ጉም የሚሠራው ደግሞ ኬዙ ውስጥ የተዘጋው ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲጤዝ ነው። ወንዝ ዳር በፀሐይ አትዝጉት፤ ጠዋት ቤት ውስጥ ዝጉት፣ ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን የሲሊካ ጄል ከረጢትም አብራችሁ አስገቡ።

አንድ ነገር ለሚጓዙ፦ ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል እዚህ የተዘጋ ኬዝ ጅቡቲ ሲደርስ የውጭው አየር ይጫነውና አልከፈት ይላል። አታስገድዱት፤ ክሊፑን ከፍታችሁ ኦሪንጉን በአንድ ጥግ በፕላስቲክ ካርድ ፈንቀል አድርጉት፣ አየር ሲገባ ይለቃል።

ከቀረጻ በኋላ ኬዙን እንደተዘጋ ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ቁልፎቹንም እዚያው ተጫኑ፤ በቁልፉ ሥር የገባው ደለል የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። አድርቃችሁ ወደ ታች ደፍታችሁ ክፈቱት። ስታስቀምጡት ክሊፑ ላላ ይበል፤ ለወራት የተጨፈለቀ ኦሪንግ ቅርጹን አይመልስም።