ቶሬፓዱሊ፣ የአታሞው ሌሊት

ኦገስት 16 የቅዱስ ሮኮ በዓል ነው። ሳሌንቶ ውስጥ፣ የጣሊያን ተረከዝ በሚባለው አገር፣ ቶሬፓዱሊ የምትባል ትንሽ መንደር በዋዜማው አትተኛም። ዘንድሮም ሄድኩ።

መድረክ የለም፣ ድምፅ ማጉያም የለም። አታሞ መቺዎች አደባባዩ ላይ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ክቡን ሮንዳ ይሉታል። መሃሉ ለጨፋሪ ነው። አንዱ ጥንድ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ማንም ተራ አይሰጥም። ሌሊቱ እንዲህ ይነጋል።

አታሞው ታምቡሬሎ ይባላል። የፍየል ቆዳ ተወጥሮበታል፤ ጠርዙ ላይ የተሰኩት ቆርቆሮዎች እንደ ጸናጽል ይንሿሿሉ። አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ እጃቸውን ሳይ ነበር። አውራ ጣታቸው ላይ ያለው ፕላስተር ተልጦ ደሙ ቆዳው ላይ ቀጭን መስመር ጥሏል። እሳቸው ግን ምቱን ለአፍታም አላላሉም። ይህን እያዩ ቆሞ መቅረት ከባድ ነው።

ጭፈራው ፒዚካ ነው። ሥራው ሁሉ ያለው እግር ላይ ነው፤ ትከሻ ለለመደ ሰው ይከብዳል። ጥንዶቹ አይነካኩም። ወንዱ ይዞራታል፣ ሴቷ መሐረቧን ይዛ ትቀርባለች፣ ትሸሻለች። ሌላ ክብ ውስጥ ደግሞ ሁለት ወንዶች ጣታቸውን እንደ ጩቤ ቀስረው ይፋለማሉ። ያኛውን ከዳር ሆኜ ማየት ይበቃኛል።

አንዲት እናት መሐረባቸውን ዘረጉልኝ። «ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። ዓይኔን እግራቸው ላይ ተክዬ ተከተልኳቸው። ስንወጣ ላቤን በዚያው መሐረብ ጠረጉልኝ።

ቆይተን ስለ ድሮው አወጉኝ። በአጨዳ ወቅት ሸረሪት ነደፈቻት የተባለች ሴት ትታመም ነበር። ቫዮሊንና አታሞ ይዘው ቤቷ ይመጣሉ። የሚስማማት ዜማና ቀለም እስኪገኝ ይሞክራሉ፤ ከዚያ እስኪለቃት ትጨፍራለች። ጁን 29 ላይ ጋላቲና ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ጸሎት ቤት ሄዳ ከጉድጓዱ ውሃ ትጠጣለች። ጳውሎስ ማልታ ላይ እፉኝት ነድፋው ምንም ያልሆነው ሐዋርያ ነውና።

ይህን ስሰማ ዛር ትዝ አለኝ። ከበሮው፣ የሚጠየቀው ቀለም፣ ታማሚዎቹ በብዛት ሴቶች መሆናቸው። ኤርኔስቶ ደ ማርቲኖ የሚባል ምሁር በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር እዚህ መጥቶ አጥንቶታል። ነገሩን በመርዝ ብቻ አላየውም። ድህነት፣ ሐዘን፣ የተከለከለ ፍቅር፣ ያልፈለጉት ትዳር፤ አፍ አውጥተው መናገር ያልቻሉትን ሴቶቹ በጭፈራ ያወጡት ነበር። እኔም ይህን አምናለሁ። ትንባሆ ስትለቅም የምትውል ሴት ለማን አቤት ትላለች?

የእኚያ እናት አክስትም ታመው ነበር። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም፣ ነውር ነበር አሉኝ። ዛሬ የልጅ ልጃቸው ፒዚካ ትማራለች።

ከ1998 ጀምሮ በየነሐሴው ሜልፒኛኖ ላይ ትልቅ ኮንሰርት አለ፤ «የታራንታ ሌሊት» ይባላል፤ ታራንታ ያቺ ሸረሪት ናት። ሕዝቡ ጉድ ነው፣ ሙዚቃው ግሩም ነው። ወጣቱን ወደ አታሞው የመለሰውም አንዱ እሱ ነው። ለእኔ ግን ሮንዳው ይበልጥብኛል፤ እዚያ የሚጨፍሩትን ሰዎች ዓይን ታያለህ።

ለሚቀጥለው ጁን ጋላቲና ለመሄድ አስቤያለሁ። እኚያ እናት አብረን እንሄዳለን ብለውኛል።