ወረቀቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ አባትየውን አነጋግሩት

አሜሪካ ውስጥ አራስ ክፍል የምትሠሩ ሐበሻ ነርሶች፣ አንድ ቀን «ይሄን ለአገርሽ ሰዎች አንቺ አስረጂልን» መባላችሁ አይቀርም። እኔ ፊላደልፊያ ውስጥ ተባልኩ። በደስታ ነው የተቀበልኩት። ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ግን ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ሥራው ወላጆች ሕፃን ልጅ ይዘው እንዳይነቀንቁ ማስተማር ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። የተናደደ ትልቅ ሰው ብብቱን ይዞ ሲነቀንቀው አንጎሉ ራስ ቅሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፣ ደም ይፈሳል። ከውጭ አንድም ጭረት ላይታይ ይችላል። እንዲህ ከተጎዱ ሕፃናት ከ4 አንዱ ገደማ ይሞታል። ከሚተርፉት ብዙዎቹ ዓይናቸው ይጎዳል፣ ወይ የሚጥል በሽታ ይዟቸው ይቀራል፣ ወይ እንደ እኩዮቻቸው መራመድና መማር ያቅታቸዋል። ይሄ ሁሉ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ ነው። ልጁ አለቀሰ፣ እምቢ አለ፣ የያዘው ሰው ትዕግሥቱ አለቀ።

ፕሮግራሙን የጀመረው ማርክ ዳያስ የሚባል የሕፃናት የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው። በኒውዮርክ ግዛት በፋሎ ከተማ ይሠራ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወላጆችን ሁሉ አንድ ቦታ የምታገኛቸው ልጅ ሲወለድ ነው። እዚያው ነርሷ በራሪ ወረቀት ትስጣቸው፣ አጭር ቪዲዮ ታሳያቸው። እነሱም ተረድተናል ብለው በፈቃዳቸው ይፈርሙ። ከ1998 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ኒውዮርክ 8 ካውንቲዎች የሚያዋልዱ ሆስፒታሎች ሁሉ ገቡበት። ቀድሞ ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 41.5 የነበረው ጉዳት ወደ 22.2 ወረደ። ይሄ 47 በመቶ ቅናሽ ነው። ጥናቱ የታተመው በ2005 ነው። ፔንስልቬንያ ግን እሱን አልጠበቀችም፣ በ2002 ሕግ አውጥታ ሆስፒታሎቿን በሙሉ አስገባች። ዳያስም ወደዚያው ተዛውሮ ሥራውን ቀጠለ።

ስሙ የሚነሳው የዶክተሩ ነው፣ ይገባዋልም። ወላጆቹ አልጋ አጠገብ ቆመው ይሄን ሁሉ የተናገሩት ግን ነርሶች ናቸው። በየሺፍቱ፣ ሌላው ሥራ ሳይቀነስላቸው።

ወደ እኔ ልመለስ። ሥልጠናው ቀላል ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ጥያቄ መመለስ ነው። የአማርኛውን ወረቀት አዘጋጅተን ለሚመለከተው ክፍል ላክን፣ ቆይቶ ጸድቆ መጣ። ቪዲዮውን ማሳየትም ችግር የለውም። ሁሉም ያያል፣ አንዳንዱ እያየ ይተኛል።

ጉዱ ያለው ፊርማው ላይ ነው።

አንድ ቤተሰብ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። አባትየው ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል፣ በጠዋት ከሥራ እንደወጣ ዩኒፎርሙን ሳይቀይር መጣ። እኛ ደግሞ የምናስወጣቸው በዚያው ጠዋት ነው። የክትባቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የመኪና ወንበሩ፣ የመድኃኒቱ ወረቀት ተቆልሏል። ከመሀሉ አንዱ የእኛ ነው። «ልጄን ላለመነቅነቅ ቃል እገባለሁ» ዓይነት ነገር፣ ከሥሩ የእናት ፊርማ፣ የአባት ፊርማ።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። ቅጹን እንዳነብላቸው ግን አልተፈቀደልኝም! የሆስፒታሉን የቋንቋ ፈተና አልወሰድሽም ተባልኩ። ስለዚህ አስተርጓሚው በጎማ በሚገፋ ስክሪን መጣ። የት ከተማ እንዳለ እግዜር ይወቀው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እሱም እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ በአንድ ትንፋሽ ያነበዋል። አባትየው ጆሮ የገባው «በሕፃን ላይ ጉዳት» እና «ይፈርሙ» የሚለው ብቻ ነው።

ወደ እኔ ዞረ። «እኅቴ፣ ምን አድርጌ ነው?» አለኝ።

«ምንም፤ ለሁሉም ሰው ነው የሚሰጠው» አልኩት።

«ያኛው ክፍል ያሉት ፈረንጆችም ፈርመዋል?»

«አዎ፣ ይጠየቃሉ። ካልፈለግክ መተውም ትችላለህ።» ይሄን ስል አስተባባሪዋ በር ላይ ቆማ ነበር። ምን እንዳልኩት ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ፊቷ ተለወጠ።

ስልኩን አወጣና ወረቀቱን ፎቶ አነሳው። ቨርጂኒያ ላለ የአጎቱ ልጅ ላከለት። መልሱ ወዲያው መጣ፣ በስፒከር ነው የሰማነው። «እንዳትፈርም! ነገ ልጅቷ ብትወድቅ ያቺን ወረቀት ነው የሚያወጡብህ። ልጅ እንደሚወስዱ ረሳኸው?» ሚስቱ ማልቀስ ጀመረች። አባትየው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋው። «ይቅርብን» አለ።

መብቱ ነው። ሕጉም ፊርማው በፈቃድ ነው ይላል። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። ቅጹ ላይ «አልፈረመም» የሚል ሳጥን አለ። እሱ ሳጥን ምልክት ሲደረግበት አንዲት ኃላፊ አየችው። «ለምን ይሆን እምቢ ያለው? ሶሻል ወርከር ትያቸው» አለች። በቃ፣ እንደ ቀላል ነገር። ሰውዬው የፈራው ልጅ የሚወስድ መንግሥት ነው። እኛ ደግሞ ስላልፈረመ ሶሻል ወርከር ላክንበት። ሶሻል ወርከሯ ጨዋ ሴት ናት፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቃ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ወጣች። ምን ዋጋ አለው? ወሬው በሐበሻው መንደር ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ እዚሁ ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ የሚኖሩ እናቶች ገና በራሪ ወረቀቱን ሲያዩ ክፍሉ ቀዝቀዝ ይላል። «አስቀምጪው፣ በኋላ እናነበዋለን» ይሉኛል። ያቺ ኃላፊ የሕጉን ጽሑፍ አትሜ ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥላት ምን አለችኝ? «ለጥንቃቄ ነው።» ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ አሁን እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። መመሪያው ካለው ይለያል፣ አውቃለሁ።

አንደኛ ነገር፣ የቋንቋ ፈተናውን ሳትወስዱ ምንም አትጀምሩ። ቀሽም ፈተና ነው፣ ግን ስክሪኑን ከክፍሉ ያስወጣላችኋል። ወረቀቱን ደግሞ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አትደባልቁ። ከሆስፒታል በሚወጡበት ጠዋት አትስጡ። እኔ የማወራቸው ሌሊት ነው፣ ልጁ ሲያለቅስ። ያን ጊዜ ሁሉም ጆሮ አለው።

የምጀምረው ከለቅሶው ነው። ብራዘልተን የሚባል የሕፃናት ሐኪም በ1962 እ.ኤ.አ. እናቶችን የለቅሶ ሰዓት አስመዝግቦ ነበር። ደህና፣ ጤነኛ ልጆች 6 ሳምንት ሲሞላቸው በቀን 3 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ያለቅሳሉ። ሮናልድ ባር የሚባለው ሌላ ሐኪም ደግሞ ከዚህ ተነስቶ ዛሬ ብዙ ሆስፒታል የሚያስተምረውን ነገር አዘጋጀ። ለቅሶው 2 ሳምንት ገደማ ላይ መጨመር ይጀምራል፣ በ2ኛው ወር ጣራ ይነካል፣ ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ይረግባል። ማታ ማታ ይብሳል። ምንም ብታደርጉለት እምቢ የሚልበት ሰዓት አለ፣ ምንም ሳያመው ያመመው ይመስላል። ይሄን ለአንዲት ሐበሻ እናት መንገር ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ዘመድ አዝማዱ በስልክ «ጡትሽ አልሞላም»፣ «ዓይን ነው»፣ «ሆዱን ቆርጦት ነው» ሲላት ነው የሚያመሸው። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ስትሰማ ትከሻዋ ሲወርድ ታያላችሁ። ትኩሳት ካለው፣ ካስመለሰው፣ አልጠባም ካለ ግን ሐኪም ይየው፣ እሱን አብሬ እነግራታለሁ።

ከዚያ ወደ ከባዱ እመጣለሁ። ጡት ሰጠሽ፣ ዳይፐር ቀየርሽ፣ እሹሩሩ አልሽ፣ እምቢ አለ። አንቺም ደምሽ ፈላ። በጀርባው አልጋው ላይ አስተኚው፣ በሩን ዘግተሽ ውጪ። ውኃ ጠጪ፣ ለሰው ደውዪ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተሽ እይው።

እዚህ ላይ አያት ካለች ጦርነት ነው። አንድ ጊዜ ከጎንደር ለአራስ ጥየቃ የመጡ እናት ነበሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። «እንዴ ልጄ! ሕፃን ልጅ እያለቀሰ በር ይዘጋበታል? ፈረንጅ ሆንሽ?» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ሲወልዱ ማን ነበር ቤት ውስጥ?» አልኳቸው።

«እናቴ አለች፣ እኅቶቼ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ማን የሌለ አለ!»

«እርስዎ ወደ አገር ሲመለሱስ እሷ ጋ ማን ይኖራል? ባሏ ሌሊት ሥራ ነው።»

ዝም አሉ። ልጃቸውን አዩአት። ቆየት ብለው «እናቴ የመጀመሪያ ልጄን ከእጄ ላይ መንጭቃ የወሰደችበት ሌሊት ነበር» አሉ። «ሂጂ ውጪ፣ ንፋስ ይምታሽ ብላኝ።» ልጅቷ ይሄን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ በኋላ ማስረዳቱን ለእሳቸው ተውኩላቸው። መመሪያው ዘመድ አያስተርጉም ይላል፣ ልክ ነው። ዘመድ ክፍሉ ውስጥ አይሁን ግን አይልም። ስለዚህ አያት ካለች አታስወጡ፣ ወንበር ስጧት።

ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ማዘልስ? እሹሩሩ ማለትስ? ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብወዘውዘውስ? እነዚህ አይጎዱትም። አንገቱን ደግፋችሁ ያዙት እንጂ በማዘል፣ በመወዝወዝ፣ መኪና በመንገጫገጩ ይሄ ጉዳት አይመጣም። ይሄን ሳትናገሩ ከወጣችሁ እናት ልጇን ማዘል ትፈራለች።

አባትየውን አስቀምጡት። ጉዳቱን የሚያደርሱት በብዛት ወንዶች ናቸው፣ አባት ወይም የእናትየው ጓደኛ። በፋሎ ላይ ከተፈረሙት ወረቀቶች 96 በመቶው የእናት ፊርማ ነበረው፣ የአባት ግን 76 በመቶው ላይ ብቻ ነው። እኛ ሐበሻው ጋ የአባቱ ከዚያም ያንሳል። ስታወሩት ግን እንደ ተጠርጣሪ አታውሩት። እኔ የምለው «ወንድሜ፣ እሷ ስትተኛ ልጁን የምትይዘው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ሲይዘውም ይሄን የምትነግረው አንተ ነህ» ነው። ዳያስም ከመጀመሪያው የፈለገው ይሄንኑ ነው፣ ወላጆች ልጁን ለሚይዝ ሰው ሁሉ እንዲናገሩ። በእኛ ሰፈር ቤቷ ውስጥ ልጅ የምትጠብቅ ጎረቤት አለች። እሷም መስማት አለባት።

ፊርማውን መጨረሻ ላይ አወጣለሁ። ካልፈለጉ መልሼ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፣ ሳቅ ብዬ።

አለቆች የማይወዱት ነገር ልጨምር። በ2017 እ.ኤ.አ. ዳያስ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር የፔንስልቬንያን ውጤት አሳተመ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወላጅ ተምሯል፣ እውቀታቸው ጨምሯል። በግዛቱ ደረጃ ግን በዚህ ጉዳት ሆስፒታል የሚገቡ ሕፃናት አልቀነሱም። የራሱን ፕሮግራም! ሌላ ሰው ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፈው ነበር። ለሰውዬው ያለኝ አክብሮት ከ47 በመቶው ይልቅ በዚህኛው ነው የጨመረው። ካናዳ፣ ብሪትሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የባር ፕሮግራም ከ2 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ 35 በመቶ ቅናሽ አሳይቷል። ሰሜን ካሮላይና ግን ያው ፕሮግራም ተሠርቶ ቁጥሩ አልወረደም። ብሪትሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የጤና ነርስ ደግማ ታስታውሳቸዋለች። እኔ ልዩነቱ እዚያ ጋ ይመስለኛል። አራስ ክፍል ውስጥ ልጁ ገና ተኝቶ ነው የሚውለው፣ ለቅሶው የሚብሰው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈቃዳቸውን ጠይቄ 2 ሳምንት ሲሞላው እደውላለሁ። ይሄ የሥራ መዘርዝሬ ላይ የለም፣ ሰዓቱም አይከፈለኝም።

አሁንም በየጊዜው ኢሜይል ይመጣል። «በእርስዎ ሺፍት የአባቶች ፊርማ ዝቅተኛ ነው፣ ምክንያቱ ይገለጽ።» እኔም አንዱኑ መልስ እጽፋለሁ። አባቶቹ የሚመጡት ሌሊት ነው፣ ሌሊት ደግሞ ሰው አይበቃንም፣ አንድ ነርስ ጨምሩልኝና ቁጭ ብዬ ላነጋግራቸው። ባለፈው መልስ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ስከፍተው አዲስ ቪዲዮ ነው የላኩልኝ።