ቴዙካ፣ ቀንድ አውጣና የኔ 6 ሺህ ብር

ባለፈው ወር ሙሉ ቀንድ አውጣ ስስል ነው የከረምኩት። ቀልዴን አይደለም፣ ቀን ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ፣ ማታ ቤት ገብቼ እራቴን እበላና ቀንድ አውጣ እስላለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እዚሁ ባህር ዳር የሚሰራ አንድ ድርጅት (ስሙ ይቆየን) ጣና ዳር ላሉ ተማሪዎች ስለ ቢልሃርዝያ የሚያስተምር ኮሚክስ ፈልጎ በሰው በሰው አገኙኝ። 12 ገፅ፣ ሙሉ ከለር፣ ታሪኩም ስዕሉም የኔ። ሰውየው ስንት ትያለሽ ሲለኝ ምላሴ ላይ 15 ሺህ የሚል ነበር፣ ግን ትንሽ ስንተባተብ ቀደመኝና "አንቺ እኮ ስዕል ትወጃለሽ፣ ደሞ ለህፃናት ነው፣ በቃ 6 ሺህ እናርገው እህቴ" አለኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የተናደድኩት።

ትወጃለሽ። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ቢልሃርዝያ እዚህ አካባቢ የሩቅ በሽታ አይደለም። ጣና ውስጥ የሚዋኝ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ አሳ የሚያጠምድ ልጅ ሁሉ ሊይዘው ይችላል። እኛ ላብራቶሪ ሰገራ ስናይ እንቁላሉን ጎኑ ላይ ባለችው እሾህ ነው የምንለየው፣ አንዴ ካያችኋት የማትረሳ ቅርፅ ናት፣ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ የሳላት ነው የምትመስለው። ታሪኩ ራሱ ደግሞ ኮሚክስ ነው፣ ምንም መጨመር አይፈልግም። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ የወጣችው ነገር እየዋኘች ቀንድ አውጣ ትፈልጋለች፣ አግኝታ ውስጡ ገብታ ትባዛለች፣ ከዛ በሺ ሆና ትወጣና ውሃ ውስጥ የቆመ ልጅ እግር ቆዳ በስታ ትገባለች። ፓነል በፓነል! እኔ ቀንድ አውጣውን ተከራይ በግድ የገባበት ምስኪን ባለቤት አድርጌ ነው የሳልኩት፣ ሰውየው ድራፍቱን ሲያይ "ቀንድ አውጣውን ለምን አሳዘንሽው?" ብሎኛል። ከ12 ገፅ ያየው እሱን ብቻ ነው።

እና አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ እየሳልኩ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ኦሳሙ ቴዙካ! እሱም እኮ ያጠናው ቀንድ አውጣ ነበር!

አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የምታዩ ልጆች ስሙን ሰምታችሁት ይሆናል። ጃፓኖች "የማንጋ አምላክ" ይሉታል (ማንጋ ያው የጃፓን ኮሚክስ ነው)፣ እኔ እማዬ እንዳትሰማኝ "የማንጋ አባት" ብዬ ልለፈው። ሐኪም ነው ሰውየው። የምር ሐኪም፣ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ ፈተናውን አልፎ ፈቃድ ያወጣ። በ1961 ናራ የሚገኝ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ሲሰጠው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ መቀነስ የፈለገ ይቀንስ) ጥናቱ ምን ላይ ነበር መሰላችሁ፣ የኩሬ ቀንድ አውጣ የዘር ህዋስ ላይ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያየ። ያኔ እኮ በመላው ጃፓን የታወቀ ኮሚክስ ሰሪ ነው፣ በየወሩ የሚያስረክበው ገፅ መዓት ነው፣ በዛው ዓመት ደግሞ ሙሺ ፕሮዳክሽን የሚባለውን የአኒሜሽን ስቱዲዮውን ከፈተ። እኔ ሰገራ አይቼ ስወጣ ደከመኝ እላለሁ።

የተወለደው በ1928 ኦሳካ አጠገብ ቶዮናካ ነው፣ ያደገው ግን ታካራዙካ በምትባል ከተማ ነው። እዛ ሴቶች ብቻ የሚተውኑበት፣ ወንዱንም ሴቱንም ሴት የምትጫወትበት ትልቅ ቲያትር አለ፣ እናቱ ትወስደው ነበር፣ በኋላ የሚስላቸው ትላልቅ አይኖችና ልብሶች ከዛ መድረክ የመጡ ናቸው ይባላል። ልጅ ሆኖ ትንንሽ ነፍሳት ለመሰብሰብ ያብድ ነበር። ኦሳሙሺ የሚባል ጥንዚዛ አለ፣ ስሙ ከሱ ስም ጋር ሲመሳሰልበት ጊዜ "ነፍሳት" የሚል ትርጉም ያላትን ፊደል ስሙ ላይ ጨመራት፣ እስከ ዕለተ ሞቱም እንደዛ ነው የፈረመው። የስቱዲዮው ስም ሙሺም ያው ነፍሳት ማለት ነው። የእኛ ሀገር ሰው ራሱን አንበሳ ነብር ይላል እንጂ ጥንዚዛ ነኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

በጦርነቱ መጨረሻ በ1945 ገና ተማሪ ሆኖ ፋብሪካ ውስጥ ሲሰራ ኦሳካ በቦምብ ስትነድ አይቷል፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስራዎቹ ውስጥ ጦርነት እንደ ጀብድ ሲወራ የማታዩት ለዛ ይመስለኛል። በዓመቱ በ1946 የመጀመሪያ ስራው ለህፃናት በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በ1947 ደግሞ ታሪኩን ሌላ ሰው አዘጋጅቶት እሱ የሳለው አዲሱ የሀብት ደሴት የሚባል መፅሀፍ ወጣና ሀገር ጉድ አለ። መፅሀፉ ሲከፈት አንድ ልጅ መኪና እየነዳ ወደ ወደብ ሲከንፍ ነው፣ መኪናው ከሩቅ ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ፊቱ ይታያል፣ መንገዱ ይሮጣል። አሁን ቀላል ነው የሚመስለው፣ ግን ከዛ በፊት ብዙው ኮሚክስ ሰዎቹ መድረክ ላይ እንደቆሙ ከአንድ ቦታ ነበር የሚታየው፣ እሱ ካሜራውን ከተቀመጠበት አስነሳው በቃ።

አሁን የእናት ነገር። ቴዙካ ሕክምናና ስዕል መሀል ሲዋልል ለእናቱ ነገራት፣ እሷም የምትወደው የቱን ነው ብላ ጠየቀችው፣ ማንጋ አላት፣ እንግዲያው የምትወደውን ስራ አለችው። ይሄን የነገረን ራሱ ነው። እንግዲህ 1940ዎቹ ጃፓን፣ ከጦርነት የወጣ የተራበ ሀገር፣ ልጅሽ ሐኪም ሊሆን ጥቂት ቀርቶት! የኔዋ እናት "ዶክተር ባትሆኚ እንኳ ነጭ ጋወኑን ልበሺልኝ" ነው ያለችኝ፣ ስለዚህ ላብራቶሪ ተማርኩ፣ ጋወኑን ለበስኩ። አልከፋኝም እኮ፣ ደሞዝ አለው፣ የስዕል ወረቀት የምገዛውም በሱ ነው። ግን እማዬ ስስል አይታ "ምነው አይንሽን አታሳርፊውም?" ስትለኝ ሁሌ ያቺን ሴትዮ ነው የማስባት።

ስለ ኮሚክስ ሲወራ "ይሄ የፈረንጅና የጃፓን ነገር ነው" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ዘጌ ሂዱና ኡራ ኪዳነ ምህረትን እዩ። (ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባ እዛ ያለውን ወንዶቹ ይንገሩኝ።) የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ታሪክ በታሪክ ነው፣ በላኤ ሰብ 78 ሰው በልቶ ለጥማተኛው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፣ ከዛ ያቺ ውሃ ሚዛኑን ስትደፋ፣ በቃ ተከታትሎ ይነበባል። ደጉ ሰው ሁለት አይን አለው፣ ክፉው በጎን ነው የሚሳለው አንድ አይን ብቻ ነው ያለው፣ ማንበብ የማይችል ህፃን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። እኔ የኮሚክስን ፊደል እዛ ነው የቆጠርኩት፣ የ8 ዓመት ልጅ ሆኜ አያቴ እጄን ይዛ። የቢልሃርዝያዋን ትልም በጎን አንድ አይን አድርጌ ነው የሳልኳት፣ ትል አይን እንደሌላት ጠፍቶኝ አይደለም።

ቴዙካም እንዲህ አይነት ዘዴ ነበረው። ገፀ ባህሪያቱን እንደ ተዋናይ ነበር የሚያሰራቸው፣ አንዱ መፅሀፍ ላይ መርማሪ የነበረው ራሰ በራ ባለ ፂም ሽማግሌ ሌላው ላይ መምህር ሆኖ ይመጣል፣ አንባቢው ሲያየው እንደ ጎረቤቱ ሰላም ይለዋል። ሽማግሌውን መጀመሪያ ያገኘው የትምህርት ቤት ጓደኛው አያቱን አስመስሎ ከሳለው ስዕል ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ የምፅፈው ለሱ ስለሆነ።

አስትሮ ቦይ የሚባለውን የልጅ ሮቦት ማንጋ (ጃፓኖቹ አቶሙ ነው የሚሉት) መሳል የጀመረው በ1952 ነው። በጃንዋሪ 1, 1963 በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት። በዛ ጊዜ ማንም ይቻላል ያለ የለም። እሱ ግን የሚሳለውን ስዕል ቀነሰው፣ አፍ ብቻ የሚንቀሳቀስበት፣ አንዴ የተሳለ እንደገና የሚገባበት፣ የሩጫና የበረራ ስዕል እየተቀመጠ ደጋግሞ የሚወጣበት ዘዴ ተጠቀመ። እስከዚህ ጎበዝ ነው። ችግሩ ጣቢያው እንዲገዛው ብሎ ከሚያስወጣው ወጪ በታች ሸጠው፣ ልዩነቱን በመጫወቻና በሸቀጥ እሸፍነዋለሁ ብሎ፣ ከራሱም የማንጋ ገቢ እየደጎመ። እሱ ይችላል፣ ማንጋ አለው። ሌላው ስቱዲዮ ግን ምን አለው? ዋጋው አንዴ ከወረደ ወርዶ ቀረ። ቴዙካ ከሞተ በኋላ ሀያኦ ሚያዛኪ ራሱ በዚህ ጉዳይ በፅሁፍ ወቅሶታል። የአኒሜ ሰራተኞች ደሞዝ አነሰን ሲሉ ዛሬም የሱ ስም ይነሳል። ሁሉንም በሱ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም፣ ከሱ በኋላ 60 ዓመት ሙሉ ዋጋውን ማስተካከል ይቻል ነበር እኮ፣ ግን በሩን የከፈተው እሱ ነው። ለምን? ስለሚወደው። የሚወድ ሰው "ብቻ ይሰራ" ነው የሚለው፣ የሚገዛው ሰውም ይሄን ያውቃል፣ የኔው ሰውዬም አውቋል፣ የባህር ዳር ሎጎ አሰሪ ሁሉ ያውቃል። እኔ በ6 ሺህ ስሰራ ፔዳ አካባቢ ኪራይ ከፍሎ በስዕል ብቻ የሚኖረው ልጅ ቀጥሎ ሲጠይቃቸው "እሷ እኮ በ6 ሺህ ሰርታልናለች" ይሉታል። እኔ ደሞዝ አለኝ፣ እሱ የለውም። ይሄ ያሳፍረኛል።

በ1973 ሙሺ ፕሮዳክሽን ከሰረ። እሱ ቀደም ብሎ ከሀላፊነቱ ወርዶ ነበር፣ ግን ስሙ ያው ስሙ ነው፣ ሰውም ጊዜው አልፎበታል ማለት ጀምሮ ነበር። እና በዛው በ1973 መጨረሻ ምን ይዞ መጣ፣ ብላክ ጃክን። ብላክ ጃክ ፈቃድ የሌለው ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ነው፣ ፊቱ ተሰፍቶ የተጠገነ፣ እጁ ተአምር የሚሰራ፣ እና ሰው ሊያድን ሲል የሚጠይቀው ዋጋ ሀገር የሚሸጥ ነው! በሚሊዮኖች የን። አንዳንዴ ደሃ ሲገጥመው ይተወዋል፣ ለሀብታም ግን አይቀንስም። በርካሽ ሸጦ የከሰረ ሰው፣ በከሰረበት ዓመት፣ ዋጋው የማይቀመስ ባለሙያ ፈጠረ። ይሄን ነገር ሳስበው ሁሌ ፀጉሬ ይቆማል። እሱ አስቦበት ነው አይደለም አልልም፣ እኔ ግን ያንን መፅሀፍ እንደ ዋጋ ዝርዝር ነው የማነበው።

በህይወቱ 150 ሺህ ገፅ ገደማ ስሏል ይባላል። አስላሁት፣ ከ1946 እስከ 1989፣ እሁድም በዓልም ሳይቀር በቀን 9 ገፅ ተኩል። ረዳቶች ነበሩት፣ ቢሆንም። እኔ 12 ገፅ ወር ፈጀብኝ። በፌብሯሪ 1989 በጨጓራ ካንሰር ሲሞት ገና 60 ዓመቱ ነበር። እንደዛ ጊዜው ወግ ካንሰር መሆኑን አልነገሩትም፣ ሐኪሙን ሐኪም ደብቆት። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖም እርሳስ ስጡኝ፣ ልስራበት እያለ ነበር ይባላል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ዕድሜ ልኩን ሲፅፈው የኖረው ፊኒክስ የሚባል ማንጋው ሳያልቅ ቀረ።

ኮሚክሱን ሀሙስ አስረከብኩ። ሰውየው ወደደው፣ ለቀጣይ 12 ገፅ እንፈልግሻለን አለ፣ ስለ መድሃኒቱና ስለ መፀዳጃ ቤት አጠቃቀም። ስልኩን ላብራቶሪ ሆኜ ነው ያነሳሁት፣ ጓንቴን አውልቄ። ስንት አለኝ። 40 ሺህ አልኩት፣ ሳልንተባተብ።

ዝም አለ። ከዛ እየሳቀ "ምነው እህቴ፣ ዶክተር ሆንሽ እንዴ?" አለኝ።

ከሀሙስ ወዲህ አልደወለም። ገፅ 13ን ግን ቅዳሜ ማታ ጀምሬዋለሁ፣ ቀንድ አውጣው ቤቱን መልሶ ሲያገኝ።