ድልድያችሁ ሊቀየር ነው? የስብሰባ ጥሪ አትጠብቁ

በየቀኑ የምትሻገሩት ድልድይ አርጅቷል፣ ፈርሶ አዲስ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ከሰማችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ ስገባበት ማንም አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ ግማሹ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ኮሚቴ አቋቋምን፣ ፊርማ አሰባሰብን፣ ስንጥቁን፣ ኮንክሪቱ ረግፎ የወጣውን ፌሮና የተደፈነውን የውሃ መውረጃ ቀን እየጻፍን ፎቶ አነሳን። ፎቶውን አትናቁት። አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ፈርን ሆሎው የሚባል ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2022 ተደርምሷል። በ2018 አንድ ነዋሪ ዝጎ የተበጠሰ ብረቱን ፎቶ አንስቶ ለከተማው አስተዳደር በማኅበራዊ ሚዲያ አሳውቆ ነበር። የፍተሻ ሪፖርቶቹም ይጠገን እያሉ ዓመታት አልፈዋል። ውሃና ቆሻሻ ተጠራቅሞ የድልድዩን እግሮች በላቸው። ሰው አለመሞቱ ዕድል ነው።

አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ፤ የሕዝብ ውይይት ወደተባለው ስብሰባ።

አዳራሹ ሞልቷል። በር ላይ ስማችንን ጽፈን ፈረምን፣ ገባን። የአዲሱ ድልድይ ሥዕል ግድግዳው ላይ ታየ። እውነቱን ለመናገር ያምራል፤ ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ የመደገፊያው ቀለም ምን ይሁን፣ መብራቱስ የቱ ይሻላል ብለው ጠየቁን። ሰዉ ቀለም ላይ ሲከራከር ቆየና ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ የቀለሙን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ። ሲፈርስ እኔ በየት በኩል ነው የምሻገረው?»

ኢንጂነሩ ተለዋጭ መንገድ ተዘጋጅቷል አለ። ተዘጋጅቷል፣ ለመኪና። በእግር ለሚሄድ ሰው ግን ያ መንገድ ዞሮ ዞሮ ጉልበት መጨረስ ነው።

ያኔ ነው የገባን። ድልድይ ሲቀየር ዋናው ውሳኔ የአዲሱ መልክ አይደለም፤ በግንባታው ጊዜ ሰው በየት ይለፍ የሚለው ነው። ግማሹን አፍርሶ በግማሹ እያሳለፉ መሥራት ይቻላል። ይሄ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፣ ያረጀው ግማሽ ብቻውን የማይቆም ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቦታ ካለ አዲሱን ከጎን ሠርቶ አሮጌውን በኋላ ማፍረስም አለ። ወይም ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ቶሎ መጨረስ። ሦስቱም ምክንያት አላቸው፣ እኔም መዝጋት ሁልጊዜ ስህተት ነው አልልም። ግን ምርጫው የሚደረገው በአማራጭ ጥናቱ ላይ ነው፣ ማለትም ዲዛይኑ ገና ሳይሠራ። እኛ የተጠራነው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ለቀለም።

ጊዜያዊ የእግረኛ መሸጋገሪያ ይሠራልን ብለን ጠየቅን። ተቋራጩ አማካሪውን፣ ማለትም ሥራውን የሚቆጣጠረውን የመሐንዲሶች ድርጅት ጠይቁ ይላል፤ አማካሪው መሥሪያ ቤቱን፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ውሉን። ውሉ ውስጥ የሌለ ነገር መጨመር ተጨማሪ ክፍያና ተጨማሪ ማጽደቂያ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማንም ሊነካው አይፈልግም። አንዱ ኃላፊማ «የጄኖዋው ድልድይ በሁለት ዓመት አልቆ የለ እንዴ፣ ታገሱ እንጂ» አለን። እውነት ነው፣ ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ወድቆ 43 ሰው የገደለው ድልድይ ምትክ በነሐሴ 2020 ተከፍቷል። ግን እዚያ ይዘጋ አይዘጋ ብሎ መከራከር ምን ትርጉም ነበረው? ድልድዩ እኮ ወድቋል!

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ቃለ ጉባኤው ወጣ። «ነዋሪው ድልድዩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ይላል። ማስረጃ ተብሎ የተያያዘው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በር ላይ የፈረምንበት ወረቀት። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ስትፈርሙ ከፊርማው አጠገብ «ለመገኘት ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። አስተናጋጁ ቢቆጣም ጻፉ። ቃለ ጉባኤውም ወዲያው ይሰጠን በሉ፣ የተሳሳተውን በደብዳቤ አርማችሁ አብሮ ይያያዝልን በሉ።

ኃላፊዎቹ የሚመክሩት የአስተያየት መስጫ ቅጹን ሙሉ፣ በአንድ ተወካይ ብቻ ተናገሩ ነው። እኔ ሁለቱንም አልመክርም። ቅጹ ውስጥ የጻፋችሁት «አስተያየት ተሰጥቷል» ተብሎ ይታለፋል። ይልቅ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ በደብዳቤ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ ቁጥሩን ያዙ። ጨረታ ሳይወጣ በፊት «የአማራጭ ጥናቱን አሳዩን፣ የአማካሪው ቢጋር (ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ የሚዘረዝረው ሰነድ) ውስጥ እግረኛ አለ ወይ» በሉ። ተወካይ አንድ ሲሆን ደግሞ ቢሮ ጠርተው በጥሩ ቃል ይሸኙታል። የተለያየ ሰው ይሂድ።

እኛን ያዳነን ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ድልድዩ ሥር የውሃ መስመርና ኬብል እንደሚያልፍ ያውቃሉ። «ድልድዩ ሲፈርስ ይሄ መስመር አየር ላይ አይንሳፈፍም፣ የሆነ ጊዜያዊ ብረት ላይ መቀመጡ አይቀርም» አሉ። ሄደን ጠየቅን፣ እውነትም ውሉ ውስጥ አለ። እንግዲያው እሱን ትንሽ አስፍታችሁ ሰው ይለፍበት አልን። ስሌቱ ይታይ፣ ይጽደቅ እየተባለ ብዙ ተጓተተ፣ አሮጌው ድልድይ ፈርሶ ሰው በዙር መንገድ ከተንገላታ በኋላ ተሠራ። ግን ተሠራ። በዚህስ እኮራለሁ፣ አልደብቅም። ሲከፈት ኃላፊዎቹ መጥተው ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ንግግር አደረጉ፣ ፎቶም ተነሱ።

መውጫው ላይ ግን ደረጃ ነበረው። በዊልቸር የሚሄደው ጎረቤታችን ሥራው እስኪያልቅ በዙሩ መንገድ ተመላለሰ። በደብዳቤ ስንጠይቅ «አዲሱ ድልድይ ላይ ራምፕ ተካቷል» የሚል መልስ መጣ። ስለዚህ ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ስትጠይቁ ስፋቱንም፣ ያለ ደረጃ መሆኑንም፣ የማታ መብራቱንም እዚያው የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አስፍሩ።