ጣቶቼ አልሰማ አሉኝ

ዛሬ ራሴ ላይ ጉድ ሠራሁ። የኪቦርዴን የፊደላት አቀማመጥ ከተለመደው ኩዌርቲ (QWERTY) ወደ ኮልማክ (Colemak) ቀየርኩት። ከዚያ "ዘ" የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ልጽፍ ስል ጂ፣ ኤች፣ ኤፍ ተደርድረው ወጡ። ኤች ብቻ ናት ከቦታዋ ያልተነቃነቀችው፣ እግዜር ይስጣት!

መጀመሪያ ያየሁት በ1936 የባለቤትነት መብት ያገኘውን ድቮራክ የተባለ ሌላ አቀማመጥ ነበር። አምስቱንም አናባቢዎች በግራ እጅ መሃለኛ ረድፍ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ኩዌርቲ እዚያ ረድፍ ላይ ያስቀመጠው አናባቢ "ኤ" (A) ብቻ መሆኑን ሳስብ ነገሩ አጓጓኝ። ግን ኮፒና ፔስት የሚደረግባቸው ሲ እና ቪ ወደ ቀኝ እጅ ሄደዋል። ቀኑን ሙሉ ኮፒ ፔስት ለሚያደርግ እንደኔ ዓይነት ሰው ይሄ አይሆንም። በ2006 የወጣው ኮልማክ የሚያዛውረው 17 ቁልፍ ብቻ ነው፣ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ እና ቪን አይነካም።

በደቂቃ 60 ቃል ስጽፍ የነበርኩት ሰውዬ 9 ላይ ወረድኩ። ደግሞ ማታ ኮምፒውተሬ ተቆልፎ ጠበቀኝ። የይለፍ ቃሌን ሦስቴ ሞከርኩ፣ እምቢ። ለካ እኔ አላውቀውም፣ የሚያውቁት ጣቶቼ ናቸው! በስልኬ የድሮውን አቀማመጥ ፎቶ ከፍቼ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየፈለግኩ ገባሁ።

ይሄን ፖስት ግን ከስልኬ ነው የጻፍኩት።