ሮበርት ሁክን ፍለጋ፦ ከፍሬሽዋተር እስከ ለንደን

ተማሪዎቼን ስለ ሴል ሳስተምር ሁሌም የምጀምረው በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በሮበርት ሁክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 በታተመው «ማይክሮግራፊያ» ላይ፣ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ክፍሎች ሴል ያላቸው እሱ ነው። እዚያው መጽሐፍ ላይ ቁንጫን ተዘርግቶ በሚታይ ትልቅ ወረቀት ስሏታል። እህቴ ለንደን ስትጠራኝ የትውልድ መንደሩን ሳላይ እንደማልመለስ ወሰንኩ።

መንደሩ ፍሬሽዋተር ይባላል፤ ያለው ከእንግሊዝ በስተ ደቡብ ዋይት በሚባለው ደሴት ላይ ነው። ከለንደን በባቡር ሊሚንግተን፣ ከዚያ መኪና ሁሉ በሚጭን ጀልባ አርባ ደቂቃ ያህል። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር።

ሌሊቱ ግን ክፉ ነበር። ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ማሞቂያው እኩለ ሌሊት ላይ ጠፋ። ካፖርቴን ብርድ ልብሱ ላይ ደርቤ አነጋሁ። ጠዋት ሒሳብ ስጠይቅ፣ ከኪራዩ ጋር ነው የተባለው ቁርስ ለብቻው 12 ፓውንድ ተጨምሮበታል። ከገንዘቡ ይልቅ የከፋኝ ሰውየው ቀና ብሎ አለማየቱ ነው። እኛ ጋ እንግዳ በብርድ አድሮ ሲነሳ ቢያንስ «እንዴት አደርክ?» ይባላል።

ያንን ቅሬታ ያስረሱኝ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አበባ ሲያስተካክሉ ያገኘኋቸው አንዲት አዛውንት ናቸው። የሁክ አባት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ የነበሩ ቄስ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው መቀሳቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባለቅኔው ስለ ቴኒሰን ነው» አሉኝ። በእርግጥም ቴኒሰን እዚህ መንደር ኖሯል። ሴትየዋ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው በሁክ ስም እስከሚጠራው ዳገት ድረስ አብረውኝ ሄዱ። መንገድ ላይ ሻይ ጋበዙኝ፤ ልክፈል ብላቸው አሻፈረኝ አሉ።

ሁክ በልጅነቱ በሽተኛ ነበር። ያድጋል ብሎ ተስፋ ያደረገ አልነበረም። ራስ ምታት ስለሚያስቸግረው ትምህርቱን ሲያቋርጥ፣ እጁን ሥራ አልፈታም። የነሐስ ሰዓት ሲፈታታ አይቶ፣ እሱን የሚመስል ከእንጨት ሠራ፤ ሰዓቱም ሠራ። አባቱ በ1648 ሲሞቱ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። የደረሰውን 40 ፓውንድ ይዞ ለንደን ገባ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ገደሉ እንደ ኖራ ነጭ ነው። ሁክ በዚህ ደሴት ገደሎች ላይ፣ ከባሕሩ ከፍ ብለው የተቀበሩ ዛጎሎች አይቷል። በዘመኑ ብዙዎች እነዚህን ዛጎል መሰል ድንጋዮች የተፈጥሮ ቅርጽ ብቻ ናቸው ይሉ ነበር። እሱ ግን ድሮ በሕይወት የነበሩ ፍጥረታት ቅሪት ናቸው፤ መሬት ከፍ ዝቅ ብላለች ብሎ ተከራከረ። እዚያ ቆሜ ስንቱን ነገር ቀድሞ እንዳየ ሳስብ ስሜቴን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከደሴቱ ወጥቼ ኦክስፎርድ ያሳለፍኩት ግማሽ ቀን ነው፤ ሁክ ለሳይንቲስቱ ለሮበርት ቦይል የአየር ፓምፕ የሠራበት ቤት ፈርሶ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል።

ለንደን ስመለስ በቀጥታ የሄድኩት ሞኑመንት ወደሚባለው ሐውልት ነው። በ1666 ከተማዋ ስትቃጠል፣ ቦታ ለክተው ወሰን ካስከበሩት ቀያሾች አንዱ ሁክ ነበር። ከወዳጁ ከአርክቴክቱ ከክሪስቶፈር ሬን ጋር ለቃጠሎው መታሰቢያ የነደፉት ይህ ዓምድ በ1677 ተጠናቀቀ። ቁመቱ 62 ሜትር ገደማ ሲሆን ሊፍት የለውም። 311 ደረጃ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ስገባ ስድስት ፓውንድ አካባቢ ከፈልኩ። ከላይ የሚወርድ ሰው ሲመጣ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ግድ ነው።

ግን ይህ ተራ መታሰቢያ አይደለም። ሁክ ዓምዱን እንደ ቴሌስኮፕ ሊጠቀምበት አስቦ መሐሉን ክፍት አድርጎታል፤ ከሥሩም የምርምር ክፍል አለ። ከመንገዱ የሚመጣው ንዝረት የኮከብ ምልከታውን አበላሸበት። ሆኖም የአየር ግፊት ከፍታ ላይ እንዴት እንደሚቀንስ እዚህ ሞክሯል። ስወርድ የወጣሁበትን የሚመሰክር ወረቀት ሰጡኝ። አጠገቤ የነበሩ ጎብኚዎች የሚያወሩት ስለ ሬን ብቻ ነው። ይሄ ያበሳጫል።

ከዚያ ቢሾፕስጌት ወዳለው የቅድስት ሄለን ቤተ ክርስቲያን ተሻገርኩ። ሁክ በ1703 ሲሞት የተቀበረው እዚህ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጽሞቹ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሲወሰዱ የእሱም አብሮ ጠፋ። ለመታሰቢያው የተሠራው ባለቀለም መስታወትም በ1990ዎቹ በአካባቢው በፈነዳ ቦምብ ረገፈ። በሕይወት ሳለ ለመሳሉ የተረጋገጠ ሥዕሉም የለም። ኒውተን አስጠፋው የሚል ወሬ አለ፤ ማስረጃ ስላልቀረበበት ለተማሪዎቼ አልነግራቸውም። የምነግራቸው ይህን ነው፦ የስበት ኃይል በርቀት ካሬ እንደሚቀንስ ሁክ ለኒውተን ጽፎለት ነበር፤ ሒሳቡን ሠርቶ ያረጋገጠው ግን ኒውተን ነው። ሁክም ቢሆን ጠበኛ ነበር። በሰዓት ስፕሪንግ ጉዳይ ከሆላንዱ ሳይንቲስት ከሃይገንስ ጋር ክፉኛ ተጣልቷል። ያም ሆኖ ለዚህ ሰው አንድ መቃብር እንኳ መጥፋቱ አሁንም አልዋጥልህ ብሎኛል።

እሱ የነደፋት አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሚልተን ኪንስ ከተማ ውስጥ፣ ዊለን የምትባል ቦታ እስከ ዛሬ ቆማለች። እሁድ ልሄድ ተነሥቼ ባቡሩ በጥገና ምክንያት ተቋርጦ ቀረሁ። ለንደን የምትሄዱ ካላችሁ በሥራ ቀን ሞክሯት፤ ሞኑመንት ደግሞ ሰው ሳይበዛ ጠዋት ግቡ።