ከቤተሰቡ ቀድሜ የለጠፍኩት መርዶ

የጓደኛዬ አባት ማረፋቸውን በስልክ ሰማሁ። እኔንም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። እያለቀስኩ አብረን የተነሳነውን ፎቶ ፈልጌ አወጣሁ፣ "ነፍስዎን ይማርልን" ብዬ ጻፍኩበት፣ ጓደኛዬን ታግ አደረግኩና ለጠፍኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጓደኛዬ የሚኖረው ውጭ አገር ነው። ቤተሰቡ ከሥራ ወጥቶ ቤት እስኪገባ ጠብቀው፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ሊያረዱት ተነጋግረው ነበር። እኔ ይህን አላወቅኩም። አልጠየቅኩማ! እሱ ሥራ ላይ እያለ ስልኩ በራ። ስሜን ሲያይ የተለመደው ጨዋታችን መስሎት ፈገግ ብሎ ከፈተው።

ብዙም ሳይቆይ እህቱ ደወለች። "እባክህ አጥፋው፣ እሱ ገና አልሰማም" አለችኝ። ሰምቶ ነበር።

ወዲያው አጠፋሁት። ግን ዋናው ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋው ሼር የተደረገው ብቻ ነው። ስክሪንሾት ተነስቶ በሌላ ሰው ገጽ የተለጠፈው እዚያው ይቀራል። ሰዎቹን አንድ በአንድ በውስጥ መስመር ለመንኳቸው። ገሚሶቹ ወዲያው አጠፉ። አንዱ "እኔም እኮ አዝኜ ነው" ሲለኝ መልስ አጣሁ፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበርና። የማላውቀው ሰው ገጽ ላይ ያለውን ሪፖርት አደረግኩ። ከሁለት ቀን በኋላ "ደንባችንን አይጥስም" የሚል መልስ መጣ። እስካሁን ያናድደኛል። ሐዘንተኛ ቤተሰብ አጥፉልን ሲል የሚሰማ ሰው እንዴት አይኖርም?

መተግበሪያዎቹ "ማን እንዲያይ እንደምትፈልግ ምረጥ" ይላሉ። ለእኔ ይህ ምክር አይረባም። እኔ የጎዳሁት "ጓደኞች" ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ያለውን ሰው ነው። በኋላ አርመዋለሁ ማለትም አያዋጣም፤ ፌስቡክ ላይ ፖስት ብታስተካክል የቀድሞው ጽሑፍ በማስተካከያ ታሪኩ ውስጥ ይታያል። ዋትስአፕም ለሁሉም የማጥፊያ ጊዜው ከሁለት ቀን ተኩል አያልፍም፣ ያነበበው ደግሞ አንብቦታል።

አሁን ቤተሰብ ሳይለጥፍ አልለጥፍም። ከለጠፉም እነሱ ሥር እጽፋለሁ። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ታግ አላደርግም፣ እደውላለሁ። አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ፎቶ ደግሞ "ጸልዩለት" ለማለት እንኳ ቢሆን ሳይፈቅድ አይለጠፍም። በዚህ አልደራደርም።

ይቅርታዬን መጀመሪያ በረጅም ጽሑፍ ላክሁ። ትልቅ ስህተት ነበር፤ አንብቦ ዝም አለኝ። ከወራት በኋላ ደወልኩለት። "ካንተ መስማቴ አይደለም የከፋኝ" አለኝ። "ስከፍተው ሥሩ ያ ሁሉ ሰው 'ነፍስ ይማር' ብሎ ጽፏል። ስለ አባቴ ከሁሉም በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ።"

ፎቶውን ይፈልገው እንደሆነ ጠየቅኩት። "ላክልኝ" አለ። ለእሱ ብቻ ላክሁለት።